ስለ አንድ ታላቅ ብቸኛ ቁጥር
ደባርቅ ላይ ለተሰበሰቡ የሒሳብ መምህራን የቀረበ ንግግር




ስለ አንድ ቁጥር ጠባይ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ የተሰጠኝ አርባ ደቂቃ ነው። ቁጥሩን ራሱን ከመጀመሪያው አሃዝ እስከ መጨረሻው ላንብብላችሁ ብል ግን፣ በእያንዳንዱ ሰከንድ አንድ አሃዝ እየጠራሁ፣ እንቅልፍም ምግብም ሳያቋርጠኝ፣ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ከሃያ ቀን ያህል በፊታችሁ መቆም ይኖርብኛል። አሃዞቹ 41,024,320 ናቸውና። ለእያንዳንዱ አሃዝ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ቦታ ሰጥተን በአንድ መስመር ብንጽፈው፣ ጎንደር ላይ የጀመርነውን ጽሑፍ በዳባት በኩል አሳልፈን እዚሁ ደባርቅ ላይ እንጨርሰዋለን፤ መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። ስለዚህ ቁጥሩን አላነበውም፤ ስለ እርሱ ብቻ እናገራለሁ።

ስሙ ግን በአንድ እስትንፋስ የሚነገር ነው። 136,279,841 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከውጤቱ ላይ አንድ ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ነው። ብቸኛ ቁጥር እንደ መሆኑ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ይህ የታወቀው በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ሲሆን ያገኘውም ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ ነው። ዱራንት በ17 አገሮች የሚገኙ በሺሕ የሚቆጠሩ የኮምፒዩተር ማስሊያዎችን አስተባብሮ ሲፈልግ፣ ጥቅምት 1 ቀን አየርላንድ፣ ደብሊን ከተማ የነበረው አንደኛው ማስሊያ የመጀመሪያውን ምልክት ሰጠ። በማግስቱ በቴክሳስ፣ ሳን አንቶንዮ የነበረው ሌላው ማስሊያ በተለየ ዘዴ መርምሮ አረጋገጠው። ወሬው ለዓለም የተነገረው ጥቅምት 11 ቀን ነው። ፍለጋውን የሚያካሂደው ማኅበር ጆርጅ ዎልትማን እ.ኤ.አ. በ1996 የመሠረተው፣ ፈቃደኞች ኮምፒዩተራቸውን የሚያውሱበት ስብስብ ነው። ከዚህ ቁጥር በፊት ትልቁ ሆኖ የቆየውና እ.ኤ.አ. በ2018 የተገኘው ብቸኛ ቁጥር 24,862,048 አሃዞች ብቻ ነበሩት።

ለመሆኑ ይህን ያህል የገዘፈ ቁጥር አካፋይ እንደሌለው ማን ሊያውቅ ይችላል? እኛ በክፍል የምናስተምረው መንገድ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7 እያሉ እስከ ዳግም ዘሩ ድረስ ማካፈል ነው። የዚህ ቁጥር ዳግም ዘር ራሱ ከሃያ ሚሊዮን በላይ አሃዞች ስላሉት፣ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰውም ሆነ ማሽን ከመንገዱ አንዲት ስንዝር ሳይራመድ ዘመን ያልፍበታል። መልሱን ለማግኘት የተሄደበት መንገድ ሌላ ነው። እኔም ያን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በአንድ ተማሪ የፈተና ወረቀት ላይ ነበር፤ ባየሁትም ጊዜ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ።

ከዚህ ከተማ ተነሥቶ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ድብ ባሕርን ያገኛል። ልጁ ከዚያ የመጣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱንና ዓመቱን ልተወውና ጥያቄውን ልንገራችሁ፤ የአንድ ቁና ገብስ ዋጋ 27 ብር ቢሆን የ13 ቁና ዋጋ ስንት ነው የሚል ነበር። ልጁ የጻፈው እንዲህ ነው። በግራ በኩል 13፣ 6፣ 3፣ 1፤ በቀኝ በኩል 27፣ 54፣ 108፣ 216። ከዚያም በ6 ትይዩ ያለውን 54 ሰርዞ፣ የቀሩትን ሦስቱን ደምሮ 351 ብር ብሏል። መልሱ ትክክል ነው። እኔ ግን ከጎረቤቱ ገልብጦ መንገዱን በዘፈቀደ የሞላ መሰለኝና በቀይ ቀለም «መንገዱ አይታወቅም» ብዬ ጻፍሁበት።

በሦስተኛው ቀን አያቱ የባቄላ ጭነታቸውን ይዘው ዳገቱን ወጥተው ኖሮ፣ ከገበያ መልስ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ።

«መምህር፣ ልጁ የሠራው ሒሳብ ተሳስቷል?» አሉኝ።

«አልተሳሳተም፣ አባቴ» አልኋቸው።

«እንግዲያው የጎደለው ገብሱ ነው ወይስ ብሩ?»

መንገዱ በመጽሐፋችን የለም ብዬ መለስሁ። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸጥበትና ስገዛበት ኖሬያለሁ፤ መጽሐፋችሁ ገበያ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው» ብለውኝ ሄዱ። እኔም ነጥቡን አላስተካከልሁም። ልጁ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ፤ ነጥቡም በመዝገቡ ላይ እንደ ተጻፈ ቀረ።

አሁን የልጁን መንገድ እንመርምር። በግራ ያለው ቁጥር እየተጋመሰ ይወርዳል፤ ጎደሎ ሲሆን ግማሿ ትጣላለች። በቀኝ ያለው እየታጠፈ ይሄዳል። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበት መስመር ሁሉ ይሰረዝና የቀሩት የቀኝ ቁጥሮች ይደመራሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። 13 ማለት 8 እና 4 እና 1 ማለት ነው፤ ስለዚህ የ27 ስምንት እጥፍ፣ አራት እጥፍና አንድ እጥፍ ሲደመሩ የ13 ቁና ዋጋ ይሆናሉ። የተሰረዘው ሁለት እጥፉ ነው፤ በ13 ውስጥ 2 አልተጠራችምና። ነጋዴው የማባዣ ሠንጠረዥ በቃሉ ሳይዝ፣ ማጋመስና ማጠፍ ብቻ እያወቀ ማንኛውንም ብዜት ይሠራል።

ይህ ስሌት በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያውያን ማባዣ» እየተባለ ይጠራል። በዚህ ስም ብዙ ልንኩራራ አይገባንም። ይኸው መንገድ «የሩስያ ገበሬዎች ማባዣ» ተብሎም ይጠራል፤ አሕመስ የተባለው ግብፃዊ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ በገለበጠው ፓፒሩስ ላይም የማጠፍ ስሌት ተጽፎ ይገኛል። የእኔ ጉዳይ የመጀመሪያው ባለቤት ማን ነው የሚለው ክርክር አይደለም። ጉዳዬ መንገዱ ዛሬም የሚሠራ መሆኑ ነው።

ከዚህ ላይ ወደ ታላቁ ቁጥራችን አንድ እርምጃ እንቅረብ። የልጁን ሠንጠረዥ በ13 ፈንታ በ31 ጀምሩት፤ 31፣ 15፣ 7፣ 3፣ 1 ይሆናል። ሁሉም ጎደሎ ስለሆኑ አንድም መስመር አይሰረዝም። በ127 ብትጀምሩም እንዲሁ ነው። አንድም መስመር የማያሰርዙ ቁጥሮች ከ2 ርቢዎች ላይ አንድ ሲቀነስ የሚገኙት ብቻ ናቸው። የኛም ቁጥር ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሠንጠረዡ 136,279,841 መስመሮች ይኖሩታል፣ የሚሰረዝ ግን አይገኝም። እነዚህን ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1644 ስለ እነርሱ በጻፈው በፈረንሳዊው መነኩሴ በማሪን መርሴን ስም እንጠራቸዋለን።

ሁለተኛው የሚያስፈልገን ዕውቀት ቀሪን የመያዝ ዕውቀት ነው። ይህንንም ከሩቅ ማምጣት አያሻንም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት «መግደፍ» ይሉታል፤ አንድን ቁጥር በሌላው ደጋግሞ ማውጣትና ድርሻውን ረስቶ ቀሪውን ብቻ መያዝ ነው። ቁጥሩ የተገኘበትን 2017 ዓ.ም. እንውሰድ። 5,500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7,517 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይቀራል። ከ12 አንዱ ለዘመኑ ተትቶ ወንበሩ 11 ነው። ጥንተ አበቅቴ 11 በወንበሩ ሲባዛ 121 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ነው። ጥንተ መጥቅዕ 19 በወንበሩ ሲባዛ 209፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን የዋለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 የሚሆኑትም በተአምር አይደለም፤ 11ና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ በማንኛውም ወንበር ቢባዙ ድምራቸው የ30 ብዜት ነው። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የጥንት ሥነ ፈለክ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የሥነ ፈለክና የዘመን ቁጥር ስሌት አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። እኛ ግን በሰባተኛ ክፍል «ቀሪ» ስናስተምር፣ ተማሪው ጾሙንና በዓሉን የሚያውቅበት ነገር ያው ቀሪ መሆኑን አንነግረውም።

ሁለቱን ዕውቀቶች፣ ማጋመስንና መግደፍን፣ ያጋባ ሰው ብቸኛ ቁጥርን ሳያካፍል መመርመር ይችላል። ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 የጻፈው ሕግ እንዲህ ይላል። ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ውሰድ፤ 2ን ከብቸኛው ቁጥር በአንድ ባነሰ አርቢ አርባ፤ ውጤቱን በብቸኛው ቁጥር ግደፍ፤ ሁልጊዜ 1 ይቀራል። በ19 እንሞክረው። አርቢው 18 ነው። የልጁን ሠንጠረዥ እንሠራለን፣ ልዩነቱ በቀኝ በኩል በማጠፍ ፈንታ በራሱ ማባዛት፣ በመጨረሻም በመደመር ፈንታ ማባዛት ብቻ ነው። በግራ 18፣ 9፣ 4፣ 2፣ 1። በቀኝ 2፣ 4፣ 16፤ 16 በራሱ 256 ነው፣ በ19 ሲገደፍ 9፤ 9 በራሱ 81 ነው፣ ሲገደፍ 5። ጎደሎዎቹ መስመሮች የ9ና የ1 ናቸው፤ በትይዩአቸው ያሉት 4ና 5 ሲባዙ 20፣ በ19 ሲገደፍ 1። ፌርማ እንዳለው ሆነ።

የመንገዱ ኃይል በትልልቅ ቁጥሮች ላይ ይታያል። አርቢው በእያንዳንዱ መስመር ስለሚጋመስ፣ 136,279,841ን እስከ 1 ለማውረድ 27 ማጋመሶች ይበቃሉ። እንግዲህ የታላቁን ቁጥር የመጨረሻ ሦስት አሃዞች ለማወቅ ታላቅ ማሽን አያስፈልግም። በጠመኔና በሰሌዳ፣ ሁልጊዜ በ1,000 እየገደፈ 27 ጊዜ በራሱ የሚያባዛ መምህር 551 መሆናቸውን ያገኛል።

ሆኖም የፌርማ ሕግ ወደ ኋላ አይነበብም። ብቸኛ ቁጥር ሁሉ 1 ይተዋል ማለት፣ 1 የሚተው ሁሉ ብቸኛ ነው ማለት አይደለም። 341ን ተመልከቱ። 2 በ10 ሲረባ 1,024 ነው፤ በ341 ሲገደፍ 1 ይቀራል፤ ስለዚህ በ340ም ሲረባ ቀሪው 1 ነው። ነገር ግን 341 የ11ና የ31 ብዜት ነው። ሐሰተኛ ምስክር ይሉታል እንደዚህ ያለውን። ደብሊን የነበረው ማስሊያ ጥቅምት 1 ቀን የሰጠው ምልክት ከዚሁ ከፌርማ ወገን የሆነ ምርመራ ውጤት ስለ ነበር፣ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ምስክርነት ያለ ማረጋገጫ እንዴት እንደሚያሳስት መርሴን ራሱ ምሳሌ ነው። እርሱ በዘመኑ እስከ 257 ያሉትን አርቢዎች ዘርዝሮ እነ 31፣ 67፣ 127ና 257 ብቸኛ ቁጥር ይሰጣሉ ብሎ ነበር። አርቢው ራሱ ብቸኛ መሆን እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ግን ያ ብቻውን አይበቃም፤ 11 ብቸኛ ሲሆን፣ 2 በ11 ረብቶ አንድ ሲቀነስ የሚገኘው 2,047 የ23ና የ89 ብዜት ነው። ስለ 31 መርሴን ትክክል ነበር፤ ሌዎንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 አረጋገጠው። ስለ 67ና ስለ 257 ተሳሳተ፤ 61ን፣ 89ንና 107ን ደግሞ ዘለላቸው። የ67ቱ ታሪክ ደስ ያሰኘኛል። ፍራንክ ኮል የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1903 በሒሳብ ማኅበራቸው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ በሰሌዳው ላይ በአንድ ወገን ቁጥሩን አወጣ፤ በሌላው ወገን 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። እርሱም ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። ከእኔ የዛሬ ንግግር ይልቅ የእርሱ ሳያጥር አይቀርም።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ኮል አካፋዮቹን ከማግኘቱ ከ27 ዓመት በፊት፣ ያ ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑ ታውቆ ነበር። ያወቀው ኤድዋር ሉካስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1876። አካፋይ አላሳየም፤ ቀሪ ብቻ አሳየ። ይህ ለብዙ ተማሪ የሚያስገርም ነገር ነው፤ አንድ ቁጥር ተከፋይ መሆኑን፣ በምን እንደሚከፈል ሳያውቁ ማወቅ ይቻላል። ደንቡን ዴሪክ ሌመር እ.ኤ.አ. በ1930 አሳጥሮና አጽንቶ ስላስቀመጠው በሁለቱ ስም ይጠራል። እንዲህ ነው። በ4 ይጀመራል። ቁጥሩ በራሱ ይባዛል፤ 2 ይቀነስለታል፤ የተገኘው በሚመረመረው የመርሴን ቁጥር ይገደፋል። ይህ ከአርቢው ላይ 2 ተቀንሶ በሚገኘው ልክ ይደጋገማል። የመጨረሻው ቀሪ 0 ከሆነ ቁጥሩ ያለ ጥርጥር ብቸኛ ነው፤ 0 ካልሆነ ያለ ጥርጥር አይደለም። ከ2 የሚበልጡ ብቸኛ አርቢዎች ሁሉ በዚህ ይዳኛሉ።

በ31 እንሥራው፤ አርቢው 5 ስለሆነ ሦስት ጊዜ ብቻ እንደጋግማለን። 4 በራሱ 16፣ ሁለት ሲቀነስ 14። 14 በራሱ 196፣ ሁለት ሲቀነስ 194። ይህን በ31 ለመግደፍ ማካፈል እንኳ አያስፈልግም፤ 32 በ31 ሲገደፍ 1 ነውና፣ በ194 ውስጥ ያሉትን ስድስት 32ዎችና የተረፉትን ሁለት ደምረን 8 እንላለን። 8 በራሱ 64፣ ሁለት ሲቀነስ 62፣ በ31 ሲገደፍ 0። እንግዲህ 31 ብቸኛ ነው። በ127 ቀሪዎቹ 4፣ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0 ናቸው። በ2,047 ግን ዘጠኝ ጊዜ ሠርተን የምንደርሰው 1,736 ላይ ነው፤ ስለ 23ና ስለ 89 ምንም የሰማነው ነገር ሳይኖር 2,047 ብቸኛ እንዳልሆነ ቀሪው ነገረን።

ሉካስ በዚህ ዓይነት ስሌት፣ 2 በ127 ረብቶ አንድ ሲቀነስ የሚገኘው 39 አሃዞች ያሉት ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አሳየ፤ ያለ ማሽን በእጅ ብቻ ከተረጋገጡት ሁሉ ትልቁ ያ ነው። ለዚህም እንደ ቼዝ ሰሌዳ በ127 ረድፍና በ127 ዓምድ የተከፈለ ገበታ አስቦ፣ በላዩ መጫወቻዎችን እየደረደረና እያነሣ ይሠራ ነበር። ገበጣ የተጫወተ የሰሜን ልጅ ይህን ቢያይ ብዙ የሚደነቅ አይመስለኝም።

ሳን አንቶንዮ የነበረው ማስሊያ ጥቅምት 2 ቀን የጨረሰው ይህንኑ ነው። በ4 ጀምሮ፣ በራሱ እያባዛ፣ 2 እየቀነሰ፣ እየገደፈ፣ 136,279,839 ጊዜ ደጋገመና 0 ላይ ደረሰ። በእርግጥ 41 ሚሊዮን አሃዞች ያሉትን ቁጥር በራሱ ለማባዛት ፈጣን የፉሪየር ለውጥ የሚባል ጥበብ ይጠቀማል፤ ያ የሌላ ቀን ንግግር ይሁን። አካሄዱ ግን ከሽማግሌው ገበያ ብዙ የራቀ አይደለም።

ከቁጥሩ ጠባዮች በክፍል ልታሳዩ የምትችሉአቸውን ልጥቀስ። አሃዞቹን ሁሉ ደምሮ በ9 ለሚገድፍ ሰው 4 ይቀረዋል፤ ይህንን 41 ሚሊዮን አሃዞች ሳይደምሩ ከአርቢው ብቻ ማወቅ ይቻላል። በ7 ሲገደፍ 3 ይቀራል። ከእርሱም አንድ ፍጹም ቁጥር ይወለዳል፤ ፍጹም ማለት እንደ 6ና እንደ 28 ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ነው፤ የዚህኛው 82,048,640 አሃዞች አሉት። ዐውደ ፀሐያችን 28 ከመርሴን ቁጥር ከ7 የተወለደ ፍጹም ቁጥር መሆኑን ከመንገድ ወጣ ብዬ አስታውሳችኋለሁ።

አሁን አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ፣ ለጨዋታ ያህል ታላቁን ቁጥር እንደ ዓመተ ዓለም ቆጥሬ ባሕረ ሐሳብ አወጣሁለት። በ19 ለመግደፍ አርቢውን በ18 መግደፍ ይበቃል፤ 5 ይቀራል። 2 በ5 ሲረባ 32፣ በ19 ሲገደፍ 13፣ አንድ ሲቀነስ 12። ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ሆነ። የተገኘበት የ2017 ዓ.ም. ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ ናቸው! ብዕሬን አስቀምጬ ጥቂት ዝም አልሁ።

ቀጥሎ ግን በ28 ገደፍሁ። 7,517 በ28 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ ታላቁ ቁጥር ግን 3 ይተዋል። በ28 አልተስማሙም ማለት ነው። በ19 የተስማሙትም፣ በዘፈቀደ የተነሣ ማንኛውም ቁጥር ከ19 አንድ ጊዜ የሚያጋጥመውን አጋጥሟቸው ነው። በቁጥር ገድ የሚያዩ ሰዎች የሚጀምሩት ከመጀመሪያው ግጥምጥም ነው፤ በ28 መግደፍ ድረስም አይጠብቁም። ይህን ምሳሌ በክፍል ብትሠሩት፣ ተማሪው መደነቅንም መጠራጠርንም በአንድ ክፍለ ጊዜ ያያል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ቁጥር ምን ይጠቅማል የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። በቀጥታ ምንም አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን ያወጡት የምስጢር መቆለፊያ የቆመው በትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ላይ ነው፤ ለዚያ የሚውሉት ግን ሦስት መቶ ያህል አሃዞች ያሏቸው፣ ስማቸው የማይታወቅ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ዓለም ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ቁጥር ምስጢር አይጠብቅም። እነዚያን ስም የለሾች ለመፈለግ ግን ዛሬም የሚሠራው ማጋመስና መግደፍ ነው፤ ኮምፒዩተር የተቆለፈ መልእክት ባስተላለፈ ቁጥር የድብ ባሕሩን ልጅ ሠንጠረዥ ይሠራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም። ነገር ግን በየወረቀቱ ላይ «መንገዱ አይታወቅም» ብለን በቀይ የጻፍንባቸው ስንት ትክክለኛ መንገዶች እንደ ነበሩ ራሴን እጠይቃለሁ። የእኔን አንዱን አውቄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ያልለመድሁት መንገድ ሲገጥመኝ ተማሪውን ወደ ሰሌዳ እጠራና በሌላ ቁጥር እንዲደግምልኝ አደርጋለሁ፤ ስሕተት ከሆነ በሁለተኛው ቁጥር ይወድቃል፣ ልክ እንደ 28ቱ።

ለእናንተም አንድ ሥራ ትቼ ልውረድ። አርቢው 13 የሆነው የመርሴን ቁጥር 8,191 ነው። በ4 ጀምራችሁ አሥራ አንድ ጊዜ ትደጋግማላችሁ፤ ሦስተኛው ድግግሞሽ 4,870 ይሰጣችኋል፣ ከዚያ በኋላ እኔ አልናገርም። በአሥረኛው 128 ላይ ካልደረሳችሁ አንድ ስፍራ ተሳስታችኋልና ተመለሱ። ከደረሳችሁ ግን ጠመኔውን ከማስቀመጣችሁ በፊት ታዩታላችሁ፤ 128 በራሱ 16,384 ነው፣ ሁለት ሲቀነስ 16,382፣ ይህም 8,191 ሁለት ጊዜ ነው።